በርቀት የሚታዘዝ ሮቦት እጁን ሲያነሳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሌላ ክፍል ወይም ሌላ አገር ያለ ሰው (አንቀሳቃሹ) ሲናገር፣ ድምፁንም የእጁን እንቅስቃሴም ተቀብለው በአድማጩ ፊት የሚያሳዩ ሮቦቶች አሉ። እዚህ በብዛት የምናነሳው ናኦን ነው። በፈረንሳዩ አልዴባራን የተሠራ፣ 58 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ በምርምር ቤተ ሙከራዎች የተለመደ ሮቦት ነው።

«የሮቦት እጅ ግትር ስለሆነ ምልክቱን ሰው አይረዳውም»

ይረዳዋል። ፖል ብሬምነርና ዩት ሌናርድስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ናኦ የአንድን ሰው የእጅ እንቅስቃሴ እየተከተለ የነገሮችንና የድርጊቶችን ቅርጽ እንዲያሳይ አድርገው ነበር። ያለ ንግግር ሲታይ የሮቦቱ ምልክት የሰውን ያህል ለመረዳት ጥቂት ብቻ ቀረው። ከንግግር ጋር ሲቀርብ ግን ተመልካቾች ሁለቱን ያዋሃዱት ከሰው እኩል ነው። ስለዚህ ሮቦታችሁን ድምፁን ዘግታችሁ አትፈትኑት፤ ቃሉና እጁ የሚደጋገፉ ናቸው።

«ሮቦቱ የአንቀሳቃሹን እንቅስቃሴ እንዳለ ይቀዳል»

ብዙ ችግር የሚመጣው ከዚህ እምነት ነው። ናኦ በአንድ ክንዱ ያለው 5 መገጣጠሚያ ነው። ሦስቱን ጣቶቹን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሞተር ስለሆነ አብረው ይከፈታሉ፣ አብረው ይዘጋሉ። የእጅ አንጓው ይዞራል እንጂ አይታጠፍም። በጣት መቁጠር፣ አውራ ጣት ማንሳት፣ በመዳፍ ብቻ «ና» ማለት በመንገድ ላይ ይጠፋሉ። አንቀሳቃሹ የሚጠራው ሰው ካለ ከክርኑ ጀምሮ ክንዱን በሙሉ ያንቀሳቅስ።

መጠንም እንዲሁ ነው። አንቀሳቃሹ እጆቹን 1 ሜትር ከፍቶ «ይህን ያህል» ቢል፣ ተመልካቹ የሚያየው ከዚያ እጅግ ያነሰ ስፋት ነው። መጠን በቁጥር ይነገር።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ቅንድብን ከፍ አድርጎ ትንፋሽን ወደ ውስጥ በመሳብ «አዎ» ማለት ለእኛ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ናኦ ቅንድብ የለውም፤ ያቺን አጭር ትንፋሽም የድምፅ ማጣሪያው እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊቆርጣት ይችላል። አድማጩ ዝምታ ይደርሰውና አንቀሳቃሹ ያልተስማማ ይመስለዋል። አንቀሳቃሹ «አዎ»ን በቃል ይበል፣ ራሱንም ወደ ላይና ወደ ታች በግልጽ ይነቅንቅ።

«መጠቆም ከሁሉም ይቀላል»

ሰው ሲጠቁም የጣቱን ጫፍ የሚያሳርፈው ከዓይኑ ወደ ዕቃው በሚሄደው መስመር ላይ ነው። ተመልካች ግን የሚከተለው የክንዱን አቅጣጫ ስለሆነ፣ በሰዎች መካከልም የተጠቆመው ነገር ካለበት ከፍ ብሎ ይታሰባል። የክንድ ማዕዘን ብቻ ወደ አጭር የሮቦት ክንድ ሲተላለፍ ስህተቱ ሊብስ ይችላል። 5 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል በ3 ሜትር ርቀት 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። የተሻለው መንገድ አንቀሳቃሹ ዕቃውን በሮቦቱ ካሜራ ምስል ላይ እንዲነካ ማድረግና የክንዱን አቅጣጫ ሮቦቱ ራሱ እንዲያሰላ መተው ነው። ሮቦቱ መጀመሪያ ራሱን ወደ ዕቃው ያዙር፤ ከዚያ ክንዱን ይዘርጋ። «ያንን» ከማለት «ቀዩን ኩባያ» ማለትም ይረዳል።

«ጥቂት መዘግየት ማንም አያስተውለውም»

የእጅ እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሚመለከተው ቃል ቀደም ብሎ ነው። ሮቦት ላይ ድምፁ ቀድሞ እጁ ሲከተል ምልክቱ ለቀጣዩ ቃል የተሰጠ ይመስላል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የኢንተርኔቱ አይደለም። የአንቀሳቃሹን እንቅስቃሴ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚያነሳ ካሜራ መንቀጥቀጡ እንዲቀንስ የ10 ፍሬም አማካይ ቢወሰድለት፣ ያ ብቻውን 150 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይጨምራል፤ ትንንሾቹን እንቅስቃሴዎችም ያጠፋቸዋል።

መዘግየቱን ለመለካት አንቀሳቃሹ ክንዱን አንስቶ ጭኑን ይምታ። ሮቦቱን በሰከንድ 60 ፍሬም በሚቀርጽ ስልክ ቅረጹና የምቱ ድምፅ ከተሰማበት የሮቦቱ ክንድ እስከቆመበት ያሉትን ፍሬሞች ቁጠሩ። 12 ፍሬም ማለት 200 ሚሊ ሰከንድ ነው። በቅድሚያ ማለስለሻውን፣ ማለትም አማካይ የሚወሰድባቸውን ፍሬሞች ብዛት፣ ቀንሱ፤ የተረፈውን ያህል ድምፁን አዘግዩ። ድምፁን አብዝቶ ማዘግየት ግን ሰዎች አንዱ በሌላው ንግግር ላይ እንዲናገር ያደርጋል።

«ምልክት በበዛ ቁጥር ሮቦቱ ሕያው ይሆናል»

እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ በተከፈተው ዶን ካፌ፣ ከቤት መውጣት የሚከብዳቸው ሰዎች ኦሪሂሜ በሚባሉ ሮቦቶች አማካይነት እንግዳ ያስተናግዳሉ። ትንሹ ኦሪሂሜ ክንፍ የሚመስሉ ክንዶች እንጂ ጣት የለውም። አንቀሳቃሾቹ እጅ ማንሳትንና ማጨብጨብን የመሰሉ አስቀድመው የተዘጋጁ ምልክቶችን ይመርጣሉ፤ እንግዳው ግን የሚያነጋግረው ሰው እንዳለ ይሰማዋል። ናኦ ላይ ምልክት ማብዛት ሌላም ጉዳት አለው፤ ክንዱ ተነስቶ ሲቆይ የትከሻው ሞተር ይግላል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከእያንዳንዱ ምልክት በኋላ ክንዱ ወደ ጎኑ ይውረድ።