ፈጣን መንገድ ላይ መንዳት፣ ሞተር እና የዘይት ቁጥር

አዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በ120 መንዳት ሞተር ይጨርሳል ወይ የሚለው ስለተደጋገመ ላስረዳ። ወሳኙ አርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ብዛት) እና የዘይቱ ሙቀት ነው። 5ደብሊው-30 ሲባል 5ደብሊው ዘይቱ በብርድ ሞተር ሲነሳ እንዴት እንደሚፈስ ነው የሚናገረው፣ 30ው ደግሞ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት። በከፍተኛ አርፒኤም ብዙ ሲነዳ ግን ዘይቱ ከ100 ያልፍና ይቀጥናል፣ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚያደርገው ሽፋንም ይሳሳል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ጌጅ አትመኑ፣ እሷ የምታሳየው የውሃውን ሙቀት ስለሆነ ዘይቱ ከልክ በላይ ግሎም መሀል ላይ ቀጥ ብላ ልትቆም ትችላለች።

ለምሳሌ ቪትስ የምትይዘው ዘይት ከ4 ሊትር በታች ነው፣ ከዛ ላይ ግማሽ ሊትር ጎድሎ በ120 ስትነዳ የቀረው ቶሎ ይግላል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ የዘይት መለኪያውን አውጡና እዩ፣ በሁለቱ ምልክቶች መሀል ይሁን።

ይሄ በነዳጅ ለሚሄድ ለማንኛውም መኪና ነው። የሚለያየው የዘይቱ ቁጥር ነው፣ እሱን ማንዋሉ ይወስናል፣ ለመጣው መኪና ሁሉ 20ደብሊው-50 የሚሞሉ ጋራዦች በጣም ያናድዱኛል። ሞተራችሁ ዘይት የሚበላ ከሆነ አዳማ ስትደርሱም አጥፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ድጋሚ እዩት።