የ1468ቱ የሮም ሊቃውንት ሴራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1468 በየካቲት ወር፣ በሮም የሚኖሩ በርካታ የላቲን ሊቃውንት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ዳግማዊን ለመግደል አሲረዋል፣ በሃይማኖትም ስተዋል ተብለው ካስቴል ሳንታንጄሎ በተባለው ምሽግ ታሰሩ። ጉዳዩ ሲወሳ ከማስረጃው ጋር የማይገጥሙ አባባሎች ይሰማሉ።

«ሴራው በማስረጃ ተረጋግጧል።»
አልተረጋገጠም። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ባርቶሎሜዮ ፕላቲና በምርመራ ላይ ብዙ ስቃይ ቢደርስበትም ክሱን የሚያጸና ነገር አልተገኘም፤ የሴራው መሪ የተባለው ካሊማከስ ደግሞ አስቀድሞ አምልጦ ኋላ የፖላንድ ንጉሥ ልጆች መምህር ሆኗል። ማንም በሞት ሳይቀጣ እስረኞቹ በቀጣዩ ዓመት ተለቀቁ። የጳጳሱ ስጋት ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ በ1453 ስቴፋኖ ፖርካሪ በጳጳስ ኒኮላስ አምስተኛ ላይ እውነተኛ ዐመፅ ጠንስሶ ተሰቅሏልና።

«ሊቃውንቱ ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ።»
የሊቃውንቱ ቡድን መሪ ፖምፖኒዮ ሌቶና ባልንጀሮቹ የጥንት ሮማውያንን ስም ለራሳቸው ያወጡ፣ የሮምን ከተማ የልደት በዓል የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። ከመሬት በታች ባሉት የጥንት ክርስቲያኖች መቃብሮች ግድግዳ ላይ በጫሩት ጽሑፍ ፖምፖኒዮን «ሊቀ ካህናት» ብለውታል፤ ይህ የጳጳሱም ማዕረግ ስለሆነ ቀልዱ ድፍረት አላጣም። ይሁን እንጂ የጥንቱን ዘመን ከመጠን በላይ መውደድ ለአማልክት ከመስገድ ይለያል።

«ጳውሎስ ዳግማዊ የዕውቀት ጠላት ነበሩ።»
ይህን ስም ያተረፈላቸው በዋናነት ፕላቲና ራሱ ስለ ጳጳሳት ሕይወት የጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ ገለልተኛ ምስክር አልነበረም። ጳጳሱ በሥልጣናቸው መጀመሪያ ላይ ብዙ ሊቃውንት በገንዘብ የገዟቸውን የቤተ ጳጳሱን የጸሐፊነት ቦታዎች ሲሽሩ ፕላቲና እንጀራውን አጣ፤ ነገሥታት ጳጳሱን የሚጠይቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንዲጠሩ አደርጋለሁ ብሎ በደብዳቤ ስለዛተም ያኔውኑ ለወራት ታስሮ ነበር። እኚሁ ጳጳስ ግን የጥንት ሳንቲሞችንና የከበሩ ድንጋዮችን በብዛት የሰበሰቡ ናቸው፤ የኅትመት ሥራም ሮም የገባው በእርሳቸው ዘመን ነው።

«ሊቃውንቱና ቤተ ክርስቲያን ባላንጣዎች ነበሩ።»
አብዛኞቹ የሚኖሩት በቤተ ክርስቲያን ደመወዝ ነበር። የላቲን ሊቁ ሎሬንዞ ቫላ ለጳጳሳቱ ምድራዊ ሥልጣን መሠረት የተደረገው የቆስጠንጢኖስ ስጦታ ሰነድ ሐሰተኛ መሆኑን በ1440 ቢያጋልጥም፣ ኒኮላስ አምስተኛ በቤተ ጳጳሱ ሥራ ሰጥተውታል። ፕላቲናንም ቢሆን ሲክስቶስ አራተኛ በ1475 የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አድርገው ሾመውታል።