ሰውነት በሽታን እንዴት ይከላከላል፦ ከጎጃም ደጋ እስከ ቆላ

ጎጃም ውስጥ እርሻ ላይ የዋለ ሰው እግሩን እሾህ ቢወጋውና ቁስሉ ቢያመረቅዝ፣ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ሊወጣበት ይችላል። የተወጋው እግሩ፣ ያበጠው ብሽሽቱ። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ሰውነቱ እየተከላከለ ነው።

የመጀመሪያው አጥር ቆዳ ነው። ዓይንን እንባ፣ የመተንፈሻ አካልን ንፍጥና አክታ ይጠብቁታል። ከምግብ ጋር የገባውን ተህዋሲ ደግሞ አብዛኛውን የጨጓራ አሲድ ይገድለዋል። ቆዳ ሲበሳ በአካባቢው ያሉ ሴሎች የሚለቁት ኬሚካል የደም ሥሮችን ያሰፋል። ቅላቱና ሙቀቱ ከዚህ ይመጣል። መቅኔ ውስጥ የተመረቱ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ ባክቴሪያውን ይውጣሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ይሞታሉ። መግል የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው።

ይህ የሰውነት ቁጣ፣ ቅላቱና እብጠቱ፣ ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት ግን አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም የሚታየው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት፣ ከተህዋሲ አይመጣም። በባዶ እግር ለዓመታት ሲኬድ የቀይ አፈር ብናኝ ቆዳ ውስጥ ይዘልቃል። በዘር በተጋለጡ ሰዎች ላይ ከሰውነት ክፍሎች ትርፍ ፈሳሽ የሚወስዱትን የሊምፍ ቱቦዎች ያስቆጣና እግርን ያሳብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ በሽተኛውን ማግለል ከንቱ ጭካኔ ነው።

ወደ ንፍፊቱ እንመለስ። ንፍፊት ያበጠ የሊምፍ እጢ ነው። የተህዋሲው ቁራጭ እዚያ ይደርሳል፤ ቁራጩን ለይተው የሚያውቁ ሊምፎሳይት የተባሉ ሴሎች ይራባሉ። ቢ ሴሎች ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ተህዋሲው ላይ ተጣብቆ የሚያከሽፈውን ፕሮቲን፣ ያመርታሉ። ቲ ሴሎች ከፊሎቹ ሥራውን ያስተባብራሉ፤ ከፊሎቹ በቫይረስ የተያዘውን ሴል ይገድላሉ። ይህ ሁሉ ቀናት ይፈጃል። ጥቂቶቹ ሴሎች ግን ለዓመታት ይቆያሉ፤ ያው ተህዋሲ ዳግም ሲመጣ ቶሎ ይደርሱበታል።

ወባ ላይ ነገሩ ጠንከር ይላል። በአባይ በረሃ ያደገ ቆለኛ ደጋግሞ በመታመም ከፊል መከላከያ ያገኛል፤ ከአካባቢው ርቆ ሲቆይ ደግሞ ይሳሳበታል። ደገኛው ይህም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ዛሬም ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የጎጃም ወጣት ለወባም፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው ለካላዛር በሽታም እንግዳ ነው።

ሕፃን የመጀመሪያውን ፀረ እንግዳ አካል የሚያገኘው ከእናቱ ነው፤ ሆድ ውስጥ ሳለ ከደሟ፣ ሲወለድ ከእንገሯ። እንገሩን አፍስሶ ቅቤ ማላስ አጉል ልማድ ነው። የእናት ስጦታ ግን በወራት ውስጥ ያልቃል። ክትባት የሚመጣው ለዚህ ነው፤ የተዳከመ ወይም የሞተ ተህዋሲ፣ ወይም ቁራጩ፣ ሳያሳምም ለሴሎቹ ይታያል። የኩፍኝ ክትባት እስከ 9ኛው ወር ሳይሰጥ የሚቆየውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት ከእናት የመጣው ፀረ እንግዳ አካል የክትባቱን ቫይረስ ስለሚያከሽፈው ነው። ሁለተኛው ዙር በ15ኛው ወር ይሰጣል።