ትልልቅ መኪኖችና ሕጋቸው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የትልልቅ መኪኖች ሕግ ሲነሳ ወሬው ወዲያው ሁለት ጎራ ይሆናል። አንዱ «ይታገዱ» ይላል። ሌላው «በገንዘቤ በገዛሁት ማን ምን አገባው» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ጋ ግን ሲነገሩ እውነት የሚመስሉ አባባሎች አሉ፤ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው አያስኬዱም። ትልቅ መኪና ስል አውቶቡስና የጭነት መኪና ማለቴ አይደለም፤ ሰው ለግሉ የሚነዳውን፣ ኤስዩቪ የሚባለውን ከፍ ያለ መኪናና ከኋላ ክፍት መጫኛ ያለውን ፒክአፕ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ችግሩ ክብደት ነው፤ በኪሎ ማስከፈል ይበቃል»

ግማሹ እውነት ነው። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲጋጩ ከባዱ ቀላሉን ይገፋዋል። ድንገተኛው የፍጥነት ለውጥ በርትቶ የሚያርፈው ቀላሉ ውስጥ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ መኪና ከመኪና ሲጋጭ ኪሎ ለውጥ ያመጣል።

እግረኛ ላይ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1,300 ኪሎ መኪና መታው 2,500 ኪሎ፣ ሁለቱም ከእሱ እጅግ ስለሚከብዱ በግጭቱ ፍጥነታቸው እምብዛም አይቀንስም። እዚህ ላይ ብዙውን የሚወስነው የመኪናው ፊት ቁመትና ቅርጽ ነው። ዝቅ ብሎ ያዘነበለ ኮፈን መጀመሪያ እግር ይመታል፣ ሰውየውም ኮፈኑ ላይ ይወድቃል። ክፉ አደጋ ነው፣ ግን የመትረፍ ዕድል አለው። እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመው ፊት ግን ዳሌና ደረት ይመታል፣ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ጭንቅላት፤ ከዚያ ሰውየውን ወደፊት ይጥለዋል፣ መኪናውም ከላዩ ሊሄድበት ይችላል።

በአሜሪካ በመድን ኩባንያዎች ገንዘብ የሚሠራው የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም በ2023 ወደ 18,000 የሚጠጉ የእግረኛ አደጋዎችን አይቶ ይህንኑ አግኝቷል። ኮፈናቸው ከመሬት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ መኪኖች፣ ኮፈናቸው 76 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ሆኖ ፊታቸው ካዘነበለ መኪኖች ጋር ሲነጻጸሩ፣ የመቱትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው በ45 ከመቶ ገደማ ይበልጣል።

እንግዲህ ኪሎ ብቻ የሚቆጥር ሕግ ቀለል ያለ ግን ፊቱ የገዘፈ መኪናን በነፃ ያሳልፋል፣ ከባድ ግን ዝቅ ያለውን ይቀጣል። እኔ ፍትሐዊ የምለው ጉዳቱን የሚያደርሰውን ነገር ራሱን የሚለካ ሕግ ነው። ለእግረኛው ሲባል የኮፈኑ ቁመትና ሹፌሩ ከፊቱ የሚታየው መሬት ይለካ፣ በሌላ መኪና ውስጥ ላለው ሰው ሲባል ደግሞ ክብደቱ። መኪናው «ኤስዩቪ» ተባለ «ክሮስኦቨር» ለእኔ ግድ የለኝም፤ ስሙን ያወጣው ሻጩ ነው።

«ኤሌክትሪክ ከሆነማ ነፃ ይለፍ»

ጭስ የለውም፣ ጥሩ። የሚመታው ግን በጭስ አይደለም። ሃመር የሚባለው ግዙፍ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ወደ 4,100 ኪሎ ይመዝናል፤ ባትሪው ብቻ ከ1,300 ኪሎ በላይ ነው፣ ማለትም አንድ ትንሽ የቤት መኪና ያህል። ፓሪስ ነገሩን ያስታረቀችበት መንገድ አይከፋም። በየካቲት 2024 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት ከጥቅምት ጀምሮ ከባድ መኪና ይዞ ለሚመጣ እንግዳ የመኪና ማቆሚያ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ መሀል ከተማ ላይ በሰዓት 18 ዩሮ። ጣሪያው ለቤንዚን፣ ለናፍጣና ነዳጅና ኤሌክትሪክ ለሚያጣምረው ሃይብሪድ 1.6 ቶን ነው፣ ለኤሌክትሪክ 2 ቶን። ለባትሪው ትንሽ ቦታ ተተወለት፣ ነፃ ግን አልወጣም።

«ባለ አምስት ኮከብ ነው እኮ»

ለማን? የአሜሪካ መንግሥት ለመኪና ደህንነት የሚሰጠው ኮከብ ለአስርተ ዓመታት የለካው መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን ብቻ ነበር። ከ1997 ጀምሮ መኪና የሚፈትሸው አውሮፓዊው ዩሮ ኤንካፕ ግን ውጭ ላለው እግረኛም ለብቻው ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ ሻጭ ኮከብ ሲቆጥርልህ የየትኛው ፈተና እንደሆነ ጠይቅ።

ደግሞ «ከባድ ከሆነ እኔ እተርፋለሁ» የሚለውም ገደብ አለው። መኪናው ከአማካዩ ክብደት ካለፈ በኋላ የሚጨመረው ኪሎ ውስጥ ላለው ሰው ብዙም አይጨምርለትም፤ ለሌላው ግን አደጋ ይጨምርበታል።

«ካሜራና ሴንሰር አለው»

ጥሩ ነው፣ ይኑረው። አሜሪካ ከግንቦት 2018 ጀምሮ አዲስ የግል መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው አስገድዳለች፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ ሲነዱ የማይታዩ ሕፃናት ይሞቱ ነበር። አሁን የኮፈኖች ቁመት ሲጨምር ያው ጉዳይ ወደ ፊት ዞሯል፤ ፊት ለፊት የቆመ ሕፃን ከሹፌሩ ወንበር ላይታይ ይችላል። ለኋላው ሕግ የወጣለት ለፊቱ ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም።

በራሱ የሚይዘው ፍሬንም ቢሆን ሁሉን አያይም። በ2019 የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር አራት መኪኖችን ሲፈትሽ ሲስተሙ በጨለማ እግረኛን ሊያድን አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ግን ብዙ እግረኛ የሚሞተው በማታ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ለንደን ከ12 ቶን በላይ ለሆኑ የጭነት መኪኖች ሹፌሩ በመስኮቶቹ በኩል በቀጥታ በዓይኑ ምን ያህል እንደሚያይ ለክታ ከዜሮ እስከ አምስት ኮከብ ትሰጣለች፤ ነጥቡ ያነሰ ደግሞ ተጨማሪ መሣሪያ ካልገጠመ ፈቃድ አያገኝም። ያው መለኪያ ለፒክአፕ ቢሠራ ማንን ይጎዳል?

«ሕግ ማለት ማገድ ነው»

አይደለም። በ2003 አሜሪካ ውስጥ መኪና የሚሸጡ አምራቾች ተስማምተው የኤስዩቪና የፒክአፕን የፊት ብረት ከትንንሽ መኪኖች ፓራውርት ጋር እንዲገጥም ቀስ በቀስ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ በፊት የትልቁ መኪና ብረት ከትንሹ ፓራውርት በላይ አልፎ ይገባ ነበር። ማንም መኪናውን አልተቀማም፣ ኤስዩቪም ከገበያ አልጠፋም፤ ኤስዩቪዎች ለሌላው መኪና ሹፌር የነበራቸው አደገኝነት ግን በግልጽ ቀነሰ። ቅርጽ ሲለወጥ ሰው ይተርፋል።

«ክፍያው የሚወድቀው ልጅ በበዛበት ቤትና በሠራተኛው ላይ ነው»

ይሄኛው ስጋት እውነት አለው፣ ግን መፍትሔም አለው። ፈረንሳይ በ2022 ከ1,800 ኪሎ በላይ ለሆነ አዲስ መኪና ለእያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ 10 ዩሮ ማስከፈል ስትጀምር፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ላለው ቤተሰብ በየልጁ 200 ኪሎ ከሒሳቡ ይቀነስለት ብላለች። በ2024 ጣሪያው ወደ 1,600 ኪሎ ወረደ። ክፍያው መኪናው ሲገዛ ስለሚመጣ ሰው አስቦበት ይመርጣል፤ ትናንት ገዝቶ የጨረሰ ሰው ላይ ዛሬ ዱብ አይልም።

ፓሪስ ላይ ደግሞ አካል ጉዳተኞች፣ ታክሲዎችና የእጅ ሙያተኞች ነፃ ናቸው፤ ተገቢ ነው። የሰፈሩ ነዋሪ በሰፈሩ ነፃ መሆኑ ግን አይዋጥልኝም። በዚያ ሰፈር ትምህርት ቤት ደጃፍ በየቀኑ የሚያልፈው እሱ ነው፣ የሚከፍለው ግን ከሩቅ የመጣው። ይሄ የመራጭን ፊት ያየ ይመስላል።

«ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፣ የመኪናው አይደለም»

ሁለቱም ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ የፍጥነት ቁጥጥርን የሚተካ ነገር የለም። ግን ጨዋ ሹፌርም ይሳሳታል፣ ያኔ የመኪናው ፊት ቅርጽ ሥራውን ይሠራል።

«አዲስ ሕግ ከወጣ መንገዱ ይለወጣል»

ቀስ ብሎ። የአዲስ መኪና ሕግ መንገድ ላይ ያለውን መኪና ቶሎ አይነካም፤ አንድ መኪና ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል። ነባሮቹን በተመለከተ ግን ዛሬውኑ የሚቻል አለ፦ ከፊት የሚገጠመውን ብረትና መኪናውን ከፍ ማድረጊያውን ቁጥጥር ውስጥ ማስገባት። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 የፊት መከላከያ ብረት ለእግረኛ ያለው ጉዳት ሳይፈተሽ እንዳይሸጥ ደንብ አውጥቷል። ያንን ብረት በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ማየትና ማስፈታት ይቻላል፣ ባለቤቱም አዲስ መኪና መግዛት አይጠበቅበትም።