የጎማ ጌጅ ትክክለኛነት ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። አንዱ ከአጋሮ ገና የገባ የቪትዝ ባለቤት ነው፤ አዲስ ዲጂታል ጌጅ፣ ማለትም የጎማ አየር ግፊት መለኪያ፣ ይዟል። ሌላው ጎሚስታው ሲሆኑ የሳሎን ሰዓት የሚያህል ባለ ቀስት ጌጅ ከኮምፕሬሰሩ ቱቦ ጋር አያይዘዋል። ለአንድ ጎማ ዲጂታሉ 36.5፣ ባለ ቀስቱ 33 አሉ። መኪናው በር ላይ የተለጠፈው ልክ 33 ነው።

«ጋሼ፣ የእኔ ከነጥብ በኋላ ሳይቀር ያሳያል። ትክክለኛው ይሄ ነው፤ ያስተንፍሱልኝ» ይላል ልጁ። «በዚህ ጌጅ የስንቱን ጎማ ነፋሁ! አንድም ሰው ተመልሶ አልወቀሰኝም» ይላሉ ጎሚስታው። በዚህ መሃል አዩኝ። «መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን።»

የመኪና ትምህርት ከማስተማሬ በላይ መለኪያ ከመለኪያ ጋር ሳመሳክር የኖርኩ ሰው ነኝና ይህች «ትክክለኛ» የምትባል ቃል እንዲህ ስትጎተት ጆሮዬን ያመኛል። ፒኤስአይ እነዚህ ቁጥሮች የሚነገሩበት የግፊት መለኪያ አሃድ ነው ከማለት በላይ አላስረዳም። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያው እንጂ የሚነፋበት ልክ እንዳልሆነም ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። የማላልፈው ይህን ነው፦ ከነጥብ በኋላ የሚመጣ ቁጥር ትክክለኛነት አይደለም። መሣሪያው ምን ያህል አድቅቆ መጻፍ እንደሚችል ብቻ ነው የሚነግረን። የጻፈው እውነት ይሁን ውሸት ሌላ ጥያቄ ነው።

ጅማ ነንና በቡና ላስረዳ። አንድ ቡና ሰብሳቢ ሦስት ሚዛን አለው እንበል። የመጀመሪያው ያረጀ ባለ ቀስት ነው፤ 60 ኪሎ ኬሻ ሲጫንበት ሁልጊዜ 58 ይላል። ዛሬም 58፣ ነገም 58። ሁለተኛው የሚያብረቀርቅ ዲጂታል ነው፤ ያንኑ ኬሻ አንዴ 61.35፣ አንዴ 58.90፣ አንዴ 60.70 ይለዋል። ሰብሳቢው ሞኝ ካልሆነ በየትኛው እንደሚገዛ ግልጽ ነው። አሮጌው ትክክለኛ አይደለም፣ ግን ወጥ ነው፤ ሁለት ደምሮ ይሠራበታል። ዲጂታሉ አንዳንዴ እውነቱን ይነካል፤ መቼ እንደነካ ግን ማንም አያውቅም። ወጥነትና ትክክለኛነት ለየቅል ናቸው፤ የነጥቡ ቁጥር ደግሞ ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም።

ሦስተኛው ሚዛን ከባድ መኪና ከነጭነቱ የሚወጣበት ነው። እሱ ላይ 20 ኪሎ ቢሳሳት ለመኪናው ምንም አይደለም፤ አንድ ኬሻ ቡና ብታስቀምጥበት ግን 20 ኪሎ ስህተት የዕቃውን ሲሶ በላ ማለት ነው። የጎሚስታው ጌጅ እንዲህ ነው። ፊቱ ላይ እስከ 220 ይቆጥራል፣ ለከባድ መኪና ጎማ የተሠራ ነው። ጌጅ ሲገዛ ካርቶኑ ላይ «ስህተቱ 2 በመቶ» ተብሎ ከተጻፈ ብዙ ጊዜ 2 በመቶው የሚሰላው ካነበብነው ቁጥር አይደለም፤ ከፊቱ የመጨረሻ ቁጥር ነው። የ220 ሁለት በመቶ 4.4 ነው። ስለዚህ ያ ጌጅ 33 ሲል እውነቱ ከ28.6 እስከ 37.4 የትም ቢሆን ፋብሪካው ቃሉን አላጠፈም። እስከ 60 የሚቆጥር ጌጅ በዚያው 2 በመቶ የሚሳሳተው 1.2 ብቻ ነው። ለቤት መኪና የሚነበበው ልክ የፊቱ መካከል አካባቢ የሚወድቅበት ጌጅ ይሻላል የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ብዙ ባለ ቀስት ጌጆች ዳርና ዳሩ ላይ የሚፈቀድላቸው ስህተት ከመሃሉ ይበልጣል።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ባለ ቀስት ያለፈበት ነው፣ ጣሉትና ዲጂታል ግዙ» ብሎ ሲመክር ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ በባለ ቀስቱ ሆድ ውስጥ ያለው የተጠማዘዘ ቱቦ ግፊት ሲገባበት ሊቃና የሚሞክር፣ መቃናቱም ቀስቱን የሚገፋ ነው። ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን በ1849 በስሙ ካስመዘገበው ወዲህ እስከ ዛሬ ፋብሪካና ቦይለር ላይ ይሠራል። አንድ ጊዜ መሬት ላይ ከወደቀ ግን አትመኑት። ዲጂታሉም የራሱ በሽታ አለው፦ ባትሪው ሲደክም፣ ፀሐይ ላይ ዳሽቦርድ ላይ ሲውል ንባቡ ሊሸሽ ይችላል። ሲሸሽም ያችን የነጥብ ቁጥር በሙሉ ድፍረት ማሳየቱን አይተውም።

«ካሊብሬት አስደርጌዋለሁ» የሚሉኝም አሉ። በሥነ ልክ፣ ማለትም በመለካት ሳይንስ፣ ቋንቋ ካሊብሬሽን ማለት ከታወቀ መለኪያ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን መጻፍ ነው፤ ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው። ጌጁ ካሊብሬት ተደርጎ፣ ወረቀቱ «በ30 ላይ 2 ያሳንሳል» ብሎ፣ ጌጁ እንዳለ ሊመለስላችሁ ይችላል። ወረቀቱን ሳያነብ ተለጣፊውን ብቻ የሚያሳይ ሰው ሚዛኑን አስፈትሾ ውጤቱን ያልጠየቀ ነጋዴ ነው። ደግሞ ቀስቱ ዜሮ ላይ ማረፉ 33 ላይም እውነት መናገሩን አያሳይም።

ወደ ቡናው ልመለስ፤ ኬሻው ራሱ ይመዝናል። ጌጅ የሚለካው ጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት ሁሉ ሳይሆን ከውጭው አየር የሚበልጠውን ትርፍ ነው፣ ማለትም ኬሻውን ቀንሶ ቡናውን። በባሕር ጠለል የዚህ «ኬሻ» ክብደት 14.7 ፒኤስአይ ነው። ጅማ 1,750 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ 12 ገደማ ነው። የእጅ ጌጅ ይህን ያለንበት ቦታ ሆኖ ራሱ ይቀንሳል። ቸርኬው ውስጥ የተገጠመ ሴንሰር ግን የሚለካው ከነኬሻው ነው፤ አንዳንድ መኪና ደግሞ የትም ይሁን የት የባሕር ጠለሉን ኬሻ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ መኪና ጅማ ላይ 33 የሆነውን ጎማ ዳሽቦርዱ ላይ 30 ገደማ አድርጎ ያሳያል። ባለቤቱ «ኮምፒውተር አይሳሳትም» ብሎ ዳሽቦርዱ 33 እስኪል ያስነፋል፤ ጎማው 36 ይሆናል። ሴንሰሩ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሒሳቡ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ጊቤ ሸለቆ፣ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ በከፍታው ለውጥ ብቻ የጎማችሁ ንባብ በ1 ፒኤስአይ ያህል መቀነስ ነበረበት። እዚያ ያለው ሙቀት ግን ስለሚጨምረው ማንም ልብ አይለውም።

ሙቀቱ ደግሞ እርጥብ ቡና ነው። ያልደረቀ ጀንፈል በእውነተኛ ሚዛን ብትመዝን ሚዛኑ አልዋሸም፤ የከፈልከው ግን ለውኃም ጭምር ነው። በ32 አካባቢ ያለ ጎማ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.5 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። በሩ ላይ ያለው ልክ የቀዘቀዘ ጎማ ልክ ነው፦ ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ፣ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙም ያልሄደ። ከአጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በቀትር ፀሐይ የመጣ ጎማ ገና ያልደረቀ ቡና ነው።

ምሳሌው እዚህ ላይ ኬሻው ይቀደዳል፤ ምክንያቱም ቡና ሲመዘን አይቀንስም፣ ጎማ ግን በተለካ ቁጥር «ጢስ» ብሎ ትንሽ ይተነፍሳል። ስለዚህ ወጥነት ለመፈተሽ ሦስት ጊዜ ስትለኩ ሦስተኛው በጥቂቱ ቢያንስ ጌጁን አትውቀሱ፤ ባልቦላው ላይ አጥብቃችሁ መግጠማችሁን እዩ። ጎሚስታዎችም አንድ ልብ በሉ፦ አየሩ እየገባ ሳለ ቱቦው ላይ ያለው ጌጅ የሚያሳየው የቱቦውን ግፊት ነው። እጀታውን ልቀቁና ቀስቱ ሲረጋ አንብቡ።

ቅዳሜ ከቦርሳዬ እስከ 60 የሚቆጥረውን፣ ልዩነቱ ተጽፎ የተሰጠኝን ጌጅ አወጣሁ። 35 አለ። ዲጂታሉ 1.5 ያስበልጣል፣ የጎሚስታው 2 ያሳንሳል። ሁለቱም ትክክል አልነበሩም፣ ሁለቱም እኔን ጠላት አደረጉኝ። ልጁን «አየር አታስወጣ፣ እዚሁ የምታድር ከሆነ ጠዋት ሳትነዳት ልምጣልህ» አልኩት። እሑድ በማለዳ ሄርማታ ሰፈር መኪናዋ ካደረችበት ግቢ ሄጄ ለካሁ፤ 31። ሊያስተነፍሰው የነበረው ጎማ ለካ ሁለት ይጎድለዋል።

ሰኞ በዚያ ሳልፍ ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩ ላይ በነጭ ቀለም «2 ቀንስ» ብለው ጽፈዋል። ጌጅዎ ያሳንሳል እንጂ አያስበልጥም፣ «ደምር» ነው የሚባለው አልኳቸው። «ለአንባቢው መደመር፣ ለነፊው መቀነስ ነው፤ 33 ሲሉኝ 31 ላይ አቆማለሁ» አሉኝ። አሰብኩት፤ ልክ ናቸው። ይህ ግን 30 አካባቢ እንጂ 100 ላይ እንደሚሠራ አልተፈተሸም፣ አይሱዙ ሲመጣ እንዳይጠቀሙበት ብዬ ማሳሰቤ አልቀረም።

«ለአይሱዙማ» አሉ ጎማውን በመዶሻ ቸብ እያደረጉ፣ «እኔ በድምፁ ነው።»