«&» ፕሮግራሙን ከተርሚናል አያላቅቀውም

«ትእዛዙ መጨረሻ ላይ & አድርጌበት ነበር፣ ለምን ቆመ?» እዚህ ባሕር ዳር ሊኑክስ ከሚነካኩ ልጆች ይህን ጥያቄ መስማት ሰልችቶኛል። & ሼሉን (ትእዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስኬደውን ፕሮግራም) የሚያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አትጠብቅ። በቃ። ኢንፑቱ (0)፣ አውትፑቱ (1) እና የስህተት መልእክቱ (2) እዚያው ተርሚናል (ትእዛዝ የምትጽፉበት መስኮት) ላይ እንደተሰኩ ይቀራሉ፤ ቅንፍ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች መጠሪያቸው ናቸው። ሌላ ትእዛዝ ስትጽፉ መሃል እየገባ ስክሪኑን የሚያተራምሰውም ለዚህ ነው።

ኢንፑቱ ደግሞ ይብሳል። አንዲት ተማሪ የጣናን እምቦጭ ከሳተላይት ምስል የሚለይ የፓይተን ፕሮግራም ማታ በ& ባክግራውንድ ላይ (ከጀርባ) አስነስታ፣ ላፕቶፑን ሳትዘጋ ተኛች። ጠዋት አንድም ምስል አልተሠራም። የተጀመሩ ሥራዎችን በሚዘረዝረው «ጆብስ» ስናይ «ስቶፕድ» (ቆሟል) ይላል። አውትፑቱን ወደ ፋይል አዙራው ስለነበር ፋይሉን ከፈትነው። አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «የድሮው ውጤት ይጥፋ? አዎ/አይ»። ባክግራውንድ ላይ ያለ ፕሮግራም ከተርሚናል ላንብብ ሲል ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሲግቲቲኢን የሚባል ሲግናል (ለፕሮግራም የሚላክ መልእክት) ልኮ ያቆመዋል። «ኤፍጂ» ብላ ወደ ፊት አመጣችው፣ «አዎ» ብላ መለሰች፣ ኮንትሮል ዜድ ተጫነች፣ «ቢጂ» አለች፤ ሥራው ቀጠለ። ሌሊቱ ግን በከንቱ አልፏል።

«ኮንትሮል ዜድ ባክግራውንድ ይልከዋል» የምትሉም አላችሁ። ያቆመዋል እንጂ አይልከውም፤ የሚያስቀጥለው «ቢጂ» ነው።

«> ካደረግኩ ስህተቱም ፋይሉ ውስጥ ይገባል» አይገባም። > ወደ ፋይል የሚያዞረው 1ን ብቻ ነው። ለስህተቱ 2>&1 (2ን አሁን 1 ወዳለበት ላክ) ጨምሩ፣ ያውም ከፋይሉ ስም በኋላ። ከፊት ካስቀደማችሁት ስህተቱ ተርሚናሉ ላይ ይቀራል።

«ኖሃፕ ባክግራውንድ ያስገባል» ይህም ስህተት ነው። ኖሃፕ የሚያደርገው ፕሮግራሙ ሲግሃፕን (ተርሚናሉ ተዘጋ የሚለውን ሲግናል) እንዳይሰማ ነው። መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲጠፋና ከሩቅ ሰርቨር ጋር ያላችሁ የኤስኤስኤች ግንኙነት ሲቋረጥ፣ ሥራችሁን የሚገድለው ይህ ሲግናል ነው። ስለዚህ ኖሃፕም & ም ያስፈልጋሉ።

እኔ ሁልጊዜ ሦስቱንም (0ን፣ 1ንና 2ን) ከተርሚናሉ አዞራለሁ። አጻጻፉ እንዲህ ነው፤ ትእዛዞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው፦

ኖሃፕ ፕሮግራሙ < /ዴቭ/ናል > ሎግ 2>&1 &

ከ/ዴቭ/ናል (ምንም የማይነበብበት ልዩ ፋይል) የሚያነብ ፕሮግራም ወዲያው «ፋይሉ አለቀ» ይባላል እንጂ ቆሞ አይጠብቅም። ያቺ ተማሪ እንዲህ አድርጋ ቢሆን ኖሮ ፓይተኑ ጥያቄው ላይ በስህተት ይወጣ ነበር። እሷም ሳትተኛ አውትፑቱ የገባበት ሎግ ፋይል ላይ ታየው ነበር።