ፕሮፋይል ፎቶ ምንድን ነው? ጉርድ ፎቶስ ለምን አይተካውም?

ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ቤት የማትጠፋ ነገር ብትኖር ጉርድ ፎቶ ናት። ከዚራ ወይም መጋላ ፎቶ ቤት ተገብቶ፣ አገጭ ቀና ተደርጎ፣ ሳይሳቅ የተነሳች። ከትምህርት ማስረጃ ኮፒ ጋር ፋይል ውስጥ ትኖራለች። ሊንክድኢን (ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኙበት ማኅበራዊ ድረ ገጽ) ላይ አካውንት የከፈተ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚቀናው ይህችኑ ጉርድ በስልክ አንስቶ መጫን ነው። ከነላስቲኩ ነጸብራቅ፣ አንዳንዴም ከነማኅተሟ!

ሁለቱ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው። ጉርድ ፎቶ ማንነት ማረጋገጫ ናት። ፋይሉን የያዘው ሰው ፎቶዋን ያያል፣ ፊቱ የቆመውን ሰው ያያል፣ አለቀ። ፕሮፋይል ፎቶ የሚታየው ደግሞ እናንተ በሌላችሁበት ነው። በአካል አይቷችሁ የማያውቅ ሰው ስማችሁን ከፎቶው ጋር ያይና መልእክታችሁን ልክፈተው ወይስ ልለፈው ብሎ ይወስናል። ስለዚህ ከፎቶው የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። በትንሹ ሲታይ ፊታችሁ ይለይ፤ በአካል ስትገናኙ ደግሞ ያው ሰው ሁናችሁ ተገኙ። ቆንጆ መውጣት ሦስተኛ ነው። ባይሳካም ችግር የለውም።

ሊንክድኢን በ2003 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የፎቶ ቦታ አልነበረውም፤ የተጨመረው በ2007 ነው። ዛሬ ስማችሁ በታየበት ሁሉ ፎቶው ይከተላል፤ ፍለጋ ላይ፣ መልእክት ሳጥን ውስጥ፣ አስተያየት ስትሰጡ። የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ ከጥፍር ብዙ በማትበልጥ ክብ ውስጥ ነው።

ሰው ደግሞ ለመፍረድ ይቸኩላል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ሰዎች የማያውቁትን ፊት ለአንድ አስረኛ ሰከንድ ብቻ አይተው ስለ ታማኝነቱና ስለ ችሎታው ግምት ሰጥተዋል። ጊዜ ሲጨመርላቸው ግምታቸው ብዙም አልተለወጠም። ይልቅ በግምታቸው ይበልጥ እርግጠኛ ሆኑ። ግምቱ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ በፊት ሰው መመዘን ያሳስታል። ግን እኛ ወደድንም ጠላንም ይመዝኑናል።

አሁን ወደ ብርሃን እንምጣ፤ የድሬ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። አቦ፣ የእኛ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም! እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች። ያኔ የቅንድባችሁ ጥላ ዓይናችሁን ይጋርደዋል፣ ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፣ አፍንጫ ሥር ያልነበረ ጢም ይበቅላል። ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆማችሁ አትነሱ። ጥላ ይሻላል ብላችሁ የከዚራ ዛፎች ሥር ብትገቡም ቅጠሉን ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን ፊታችሁን ዝንጉርጉር ያደርገዋል። የሚሻለው በረንዳ ነው። ጥላው ውስጥ ሆናችሁ ጠርዙ አጠገብ ቁሙ፤ ፊታችሁን ወደ ውጭ፣ ወደ ብርሃኑ አዙሩ። ጀርባችሁ ወደ ቤቱ ይሁን። ከግቢው የሚመጣው ብርሃን ለስላሳ ሆኖ ፊት ላይ እኩል ያርፋል። በረንዳ ከሌለ ትልቅ መስኮት ፊት መቆምም ያው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ግንባራችሁን በሶፍት ጥረጉ። ላብ በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ፎቶ ላይ ግን ያንጸባርቃል።

ሌላው ጣጣ ነጭ ግድግዳ ነው። የስልክ ካሜራ በራሱ ሲሠራ ከፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ ድምቀት ላይ ሊያስቀምጠው ይሞክራል። ከኋላችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም የሚያበራ ሰማይ ካለ፣ "በጣም ደመቀ" ብሎ ሁሉንም ያጨልመዋል። ግድግዳው ግራጫ ይሆናል፣ የእኛ የጠይሞቹ ፊት ደግሞ ይጠቁራል። መላው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ፊታችሁ ያለበትን ቦታ በጣት ነካ ማድረግ፤ ካስፈለገም ብቅ የሚለውን የብርሃን ምልክት ትንሽ ከፍ ማድረግ። ግድግዳው ከልክ በላይ ቢነጣ አይግረማችሁ። የሚፈለገው ፊታችሁ ነው።

ሰልፊ ባትነሱ ይመረጣል። ክንድ አጭር ስለሆነ ካሜራው ይቀርባል፣ ሲቀርብ ደግሞ ወደ ፊት የወጣው አፍንጫ ይገዝፋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሐኪሞች ስሌት እንደሚለው፣ ከ30 ሳንቲሜትር ርቀት በተነሳ ፎቶ ላይ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። እና ስልኩን ለወንድም፣ ለእህት ወይም ለጓደኛ ስጡ። ሁለት እርምጃ ያህል ይራቅ፣ ከዚያ ትንሽ ዙም ያድርግ፣ ካሜራውንም ከዓይናችሁ ትክክል ይያዝ። ብዙ ያንሳ። የመጀመሪያዎቹ ላይ ሰው ይደነዝዛል፤ ዘና የምትሉት ቆይቶ፣ አንሺው አንድ ነገር ብሎ ሲያስቃችሁ ነው።

ከቡድን ፎቶ ላይ ራስን ቆርጦ ማውጣትስ? ሊንክድኢን የሚፈልገው ቢያንስ 400 በ400 ፒክስል (ፎቶ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነው። ለዛሬ ስልክ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ነገር ግን ቴሌግራም ላይ በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። አሥር ተመራቂዎች ጎን ለጎን ቆመው ከሆነ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከነትከሻው 128 ነው። ፊቱ ብቻማ ከዚያም ያንሳል። ያንን ጎትታችሁ ስታሰፉት ይደበዝዛል፤ ትከሻችሁ ላይ ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ ይቀራል። ፎቶ ቤት ወይም ጓደኛ ያነሳችሁን ኦሪጅናሉን "እንደ ፋይል ላክልኝ" በሉት። የምረቃ ጋዋን ለሰሞኑ ያምራል። ሥራ ላይ ዓመታት ቆይታችሁ ያው ጋዋን ከሆነ ግን አሁንም ጀማሪ ትመስላላችሁ።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም። በድሬ ሙቀት ሱፍና ከረባት ካልሆነ የሚል ሰው ይገርመኛል፤ ላቡ ያጋልጠዋል። ለአስፈላጊ ስብሰባ የምትለብሱት ንጹሕ ሸሚዝ ይበቃል። ሻርፕ ወይም ሂጃብ ከሆነ ቀለሙ ከግድግዳው የተለየ ይሁን፤ አለበለዚያ ክቡ ውስጥ ሁለቱ ይደባለቃሉ። መነጽራችሁን ሁልጊዜ የምታደርጉት ከሆነ አታውልቁት። የፀሐዩን ግን አውልቁት።

ሊንክድኢን ፊት የፎቶውን 60 በመቶ ያህል እንዲይዝ ይመክራል። ያ ማለት ከትከሻ ወደ ላይ ነው። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ስልኩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙትና ፎቶውን አሳንሳችሁ እዩት። ዓይናችሁ ካልለየ እንደገና ቁረጡት።

ፊልተርና በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተሠራ ፎቶ አልወድም። ያልለበሳችሁትን ኮት አልብሶ፣ ቆዳችሁን ሰም አስመስሎ፣ አንዳንዴ ጥርስ ሳይቀር ቀይሮ ያመጣል። የሊንክድኢን ደንብም ፎቶው እናንተን የሚመስል ይሁን ይላል። ቃለ መጠይቅ የገባችሁበት ክፍል ውስጥ ጠያቂው ስልኩን አንዴ፣ እናንተን አንዴ ሲያይ አስቡት።

ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ፎቶውን ማን ይይ የሚል ማስተካከያ አለው። ሊንክድኢን ላይ የተገናኛችኋቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆን ካደረጋችሁት፣ ሥራ የሚሰጠው የማታውቁት ቀጣሪ የሚያየው ባዶ ክብ ነው። ሥራ እየፈለጋችሁ ከሆነ ለሁሉም የሊንክድኢን አባላት ክፈቱት። ያልተፈለገ መልእክት የሚያስቸግራት ሴት ደግሞ ሥራ በማትፈልግበት ጊዜ ልታጠብበው ትችላለች፤ መልሶ ለመክፈት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።